ጎማውን ማን በላው?

ከወረታ እስከ ወልድያ ያለውን ኩርባ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የምትቆጥሩ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ነባር ሹፌሮች፤ ዛሬ መሪውን ለልጅ ለቃችሁ ከዘራ የጨበጣችሁ እኩዮቼ፤ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ወጣቶቹን የሚመክር ሞልቷል። ወጣቶቹ ደግሞ የሚያደርጉትን ሁሉ ያዩት ከእኛ ነው። ስለዚህ የማስጠነቅቀው እናንተን ነው፤ ከእናንተም አስቀድሜ ራሴን።

ከትናንት በስቲያ ነፋስ መውጫ ላይ ከአንድ ጎሚስታ ደጃፍ ቁጭ ብዬ ፀሐይ ስሞቅ፣ ማዳበሪያ የጫነ መኪና ከነተሳቢው መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ ልጅ እግር ነው። ወርዶ የተሳቢውን የኋላ ቀኝ ጎማ ያስፈታ ጀመር። ጎማው ተፈትቶ እግሬ ሥር ሲንከባለል አየሁት። በውጭ በኩል ጥርሱ ገና ነው፤ በውስጥ በኩል ግን ሙልጭ ብሎ ተላጭቶ ሽቦው ሊታይ ጥቂት ቀርቶታል። ጎሚስታው ምን ይሻላል ብሎ ሲያመነታ ከጎኔ የተቀመጠ አንድ የእኔ ቢጤ ሽማግሌ ከዘራውን ቀስሮ፣ «ገልብጠህ እሰረው! የተበላው ወደ ውጭ ይዙር፣ ያልተበላው ወደ ውስጥ ይግባ። አንድ ወር ይሠራልሃል» አለው። ልጁ፣ «እግዜር ይስጥልኝ አባባ» ብሎ፣ አስገልብጦ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ። ሽማግሌውም ደግ ሥራ እንደሠራ ሰው ጋቢውን አጣፍቶ ወደ ፀሐይዋ ዞረ።

እኔ የሰማሁት የእሱን ድምፅ አይደለም፤ የራሴን ነው። ይህችን ምክር ስንቱን ልጅ መክሬያታለሁ! ከዚህ የባሰችውንም ሁላችንም እናውቃታለን። ትራፊክ እንዳያየው የተላጨውን ጎማ ከጥንዱ በውስጠኛው በኩል አስገብቶ ደህናውን በውጭ ማሰር። ይህን ብልሃት ስንለው ኖርን። ኬላ አለፍንበት፣ ቢያጆ አተረፍንበት፣ ለረዳቶቻችንም እንደ ሙያ አስተማርነው።

በዚያች ሰዓት ግን ልጁንም እኔንም ጨምሮ፣ ማናችንም ያልጠየቅነው አንድ ነገር አለ። ጎማውን ማን በላው?

ጎማ ማንበብ የተማርሁት መኪና ላይ አይደለም። ልጅ ሳለሁ አጎቴ አርብ ገበያ ላይ በረባሶ ይሠራ ነበር። ያረጀ የመኪና ጎማ በቢላ ይተለትላል፣ በውሃ እያራሰ ይቀዳል፣ ማሰሪያውን ይሰፋል። ገበሬው አሮጌውን አውልቆ አዲስ ሊለካ ሲቀመጥ አጎቴ መጀመሪያ የሚያነሣው አሮጌውን ነበር። ገልብጦ ተረከዙን ያየዋል፤ በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል። ከዚያ፣ «ቀኝ ጉልበትህን ያምሃል አይደል?» ይላል። ሰውዬው ይደነግጣል። ተረከዙ በአንድ ወገን ተበልቶ አይቶ እኮ ነው! «ጦሩም ሸክሙም በአንድ ትከሻህ ነው፤ ለዋውጥ» ይለዋል። አንዳንዱ አጎቴን ጠንቋይ ነው እያለ ያማው ነበር። እሱ ግን ይስቅና፣ «በረባሶውማ ይለወጥልሃል፤ ጉልበትህን ነው እንጂ እኔ የማልሰፋልህ» ይል ነበር።

የተሳቢ ጎማም ከዚህ የተለየ አይደለም። በእኛ አገር በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ድጓ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ ሳይመሰከር ማንም መምህር ነኝ ብሎ ጉባኤ አይዘረጋም። ተሳቢም መመስከሪያ ቦታ አለው፤ ጎማው ነው። አክስሉ፣ ባሌስትራው፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑ፣ የጫኙ ስስት፣ የሹፌሩ አነዳድ፣ ሁሉም በጎማው ላይ ይጻፋል። እኛ ግን ምስክሩን ገልብጠን አፉን ወደ ጨለማ አዞርነው።

እስቲ ምስክርነቱን ላስታውሳችሁ፤ የረሳችሁት ስለመሰለኝ ነው እንጂ የማታውቁት ሆኖ አይደለም።

ሁለቱም ጠርዝ ተበልቶ መሃሉ ከቀረ፣ ንፋስ አንሶት ወይም ጭነት በዝቶበት በሆዱ ተኝቶ ሄዷል። መሃሉ ብቻ ካለቀ ንፋሱ በዝቷል፤ ለጭነት በሞላው ልክ ባዶውን አገር ለአገር በሚመላለስ ተሳቢ ላይ ይህ አይጠፋም። እነዚህ ሁለቱ ቀላል ናቸው። የንፋስ መለኪያ ገዝቶ ጋቢና ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃቸዋል።

ጥርሱ እዚህም እዚያም ጎድጎድ እያለ ከተበላ ኩሽኔታው ላልቷል፣ ወይም ባሌስትራው ደክሟል፤ ጎማው መሬቱን እየዘለለ ነው የሚረግጠው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንደ መዳፍ ጠፍጣፋ ከሆነ ፍሬኑ ነክሶ አስሮት በደረቁ ተጎትቷል፤ ባዶ ተሳቢ ላይ ፍሬን ድንገት ሲረገጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ከጥንዶቹ አንደኛው ብቻ እየተበላ ካስቸገረ ደግሞ ሁለቱን አቁማችሁ ቁመታቸውን ለኩ። አንድ አዲስና አንድ አሮጌ አጋብታችሁ ይሆናል። በአንድ ሞዞ የታሰሩ ጎማዎች እኩል ነው የሚዞሩት፤ አጭሩ ግን በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ያንሳል። ስለዚህ ረጅሙ ሸክሙን ብቻውን ይሸከማል፣ አጭሩ እየተንሸራተተ ይፋቃል። በትልልቆቹ ጎማዎች ላይ የቁመታቸው ልዩነት ከ12 ሚሊ ሜትር ካለፈ ጋብቻው አይጸናም።

ከባዱ በአንድ ወገን የሚበላው ነው። እዚህ ላይ አንዱን ጎማ ብቻ ያየ ሰው ምንም አላየም። ተጎንብሶ ማዶውንም ማየት ያስፈልጋል። የአንዱ አክስል ቀኙም ግራውም በውስጥ ጠርዛቸው ከተበሉ፣ ጭነት አክስሉን ከወገቡ አጉብጦት ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ዘምበዋል። ቀኙ በውስጥ፣ ግራው በውጭ ከተበላ ግን፣ ወይም በተገላቢጦሽ ከሆነ፣ አክስሉ አልጎበጠም፤ ዞሯል። አንደኛው ጫፉ ከቦታው ሸሽቷል። ተሳቢው ፊቱ ወደ ደብረ ታቦር፣ እግሩ ወደ ገደሉ ነው ማለት ነው።

ለዚህኛው እጃችሁ ከዓይናችሁ ይበልጣል። ጎማው ሲበርድ መዳፋችሁን ጥርሱ ላይ አግድም ከውጭ ወደ ውስጥ አሻሹት፤ ከዚያ መልሱት። በአንዱ አቅጣጫ እንደ ድመት ጀርባ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ከነከሳችሁ፣ ያ ጎማ በጎን እየተጎተተ ነው። የሚገርማችሁ፣ ጥርሱ ገና ሙሉ ሳለ እንኳ ይህ በእጅ ይታወቃል። ዓይን የሚያየው ከብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር በኋላ ነው።

ሒሳቡንም ልንገራችሁ፤ እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ፣ ከአንድ የአዲስ አበባ አላይመንት ሠራተኛ ነው። በአንድ ሜትር 5 ሚሊ ሜትር ብቻ የዞረ ጎማ፣ መኪናው አንድ ኪሎ ሜትር በሄደ ቁጥር 5 ሜትር በጎኑ ይጎተታል። አምስት ሚሊ ማለት የጤፍ እንጀራ ውፍረት ብትሆን ነው። ከወረታ ወልድያ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲያው ጭነት የተሸከመ ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ሙሉ በጎኑ አስፋልት ላይ ተፋቀ ማለት ነው፤ በአንድ መሄጃ ብቻ። ይህን ሲነግረኝ ብርድ ብርድ አለኝ። በሬ በጎኑ ያን ያህል ቢጎተት ቆዳው ይተርፋል?

ይህ የእኛ መንገድ ደግሞ ለጎማ የሚራራ መንገድ አይደለም። ጃንሆይ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይና ሄደው ከማኦ ጋር ከተገናኙ በኋላ በመጣው ብድር፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት መንገድ መሆኑን ታስታውሳላችሁ። ዛሬም «ቻይና መንገድ» የሚለው አለ። ያኔ ጠጠር ነበር፤ አሁን አስፋልት ለብሷል። አስፋልቱ ግን ኩርባውን አላቃናውም። ከፎገራ ሜዳ፣ ከ1,800 ሜትር ተነሥቶ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ላይ ይወጣል፤ በጋሳይ፣ በክምር ድንጋይ አድርጎ ጉናን እየታከከ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ያደርሳል። በእያንዳንዱ ጠባብ ኩርባ ከኋላ ሁለት አክስል ያለው ተሳቢ አንዱን አክስል እየፋቀ ነው የሚዞረው፤ አክስሎቹ ባይታመሙም እንኳ። ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ጠጠር መንገድ ስትገቡ ደግሞ ድንጋዩ ይቀበላችኋል። እዚያ ከጥንዶቹ መካከል የሚቀረቀረው ድንጋይ ማታ ካልወጣ ጠዋት ሁለቱንም ጎን ቆርጦ ይጠብቃል።

እንዲያውም ጋይንት ከባድ ተሳቢ ያየው ከመኪና በፊት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ ያንን 70 ኩንታል የሚገመት መድፍ፣ በጋሪ አስጭነው በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ሲነሡ መንገዳቸው በዚሁ በጋይንት፣ በጨጨሆ ነበር። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ግማሽ ዓመት ያህል ማለት ነው! ያዩአቸው አውሮፓውያን እንደጻፉት፣ ንጉሡ ራሳቸው ወርደው ድንጋይ ያነሡ፣ መንገድ ይጠርጉ ነበር። እኔ ይህን የማነሣው ለተረት አይደለም። ዘውድ የጫነ ሰው ወርዶ ከመንኮራኩሩ ፊት ያለውን ድንጋይ ካነሣ፣ እኛ ከጋቢና ወርደን ጎማ ሥር መጎንበስ ምን አከበደብን?

እዚያው ጨጨሆ ላይ የሆነብኝን አሁን ልናገር። ብዙዎቻችሁ «እገሌ ተገልብጦ ነበር» ብላችሁ ሰምታችኋል፤ እኔም «ጎማ ፈንድቶብኝ ነው» ብዬ ነግሬያችኋለሁ።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ከኮምቦልቻ የእርዳታ ስንዴ ጭኜ ለስማዳ ነበር የምመጣው። የተሳቢው የኋላ ቀኝ ጎማ በውስጥ በኩል ይበላ ነበር። አንዱን ጥዬ ሁለተኛ ገዛሁ፤ ተበላ። ሦስተኛ ገዛሁ። ረዳቴ የእስቴ ልጅ ነው፤ ሃያ አልሞላውም፤ እናቱ ያለ እሱ ወንድ ልጅ የላቸውም። ወልድያ ላይ ምሳ ስንበላ፣ «ጋሼ፣ ይኼኛውም ተበላ እኮ። ጎማው አይመስለኝም» አለኝ። «ምን ሊሆን ነው ታዲያ?» አልሁት። «እኔ እንጃ፤ ማዶው ደግሞ በውጭ በኩል ነው የሚበላው» አለኝ። እዩት እንግዲህ! ልጁ በዓይኑ አይቶ፣ ማዶውንም ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ ፍርዱን ሰጥቶኛል። ከእኔ የሚጠበቀው «እስቲ እንየው» ማለት ብቻ ነበር። እኔ ግን ቢያጆው ቸኩሎብኛል፤ ባለንብረቱ እየጠበቀኝ ነው። «ጋሸና ስንደርስ ገልብጠው» አልሁት። ጋሸና ላይ ገለበጠው። ሽቦው ሊታይ የቀረበው ጠርዝ ወደ ውጭ ዞረ፤ ዓይኔ እንዳያየውም ጭቃ ነበረው።

ጨጨሆ ስንቃረብ ነፋስ የጭነቱን ሸራ ገለጠው። ልጁ ላስረው ብሎ ተሳቢው ላይ ወጣ፤ እኔም ቀስ እያልሁ ስሄድ ኩርባው ላይ ፈነዳ። ድምፁን አልረሳውም፤ መድፍ ነው የሚመስለው። ተሳቢው ወደ ተራራው በኩል ተኛ። ገደሉ በግራ ነበር፤ ሰው ሁሉ «እግዜር ነው ያወጣህ» አለኝ። እኔን አወጣኝ። ልጁን ከስንዴው ሥር አወጣነው።

ከዚያ በኋላ ነው መካኒኩ ተሳቢውን አስነሥቶ ሲፈታው የጠራኝ። «ና እይ» አለኝ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር በቦታው የሚይዘው የመሃል ቡሎን ተቆርጧል። ማሰሪያዎቹም ላልተዋል። አክስሉ በቀኝ በኩል አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል። መካኒኩ የተቆረጠውን ቡሎን በመዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ስብራቱ ዝጎ ነበር። አዲስ ስብራት እንደ ብር ያበራል፤ ይህ ቡናማ ነው። ጨጨሆ ላይ አልተሰበረም ማለት ነው። ወር ይሁን ሁለት ወር፣ እኔ ጎማ ስገዛ፣ ጎማ ስጥል፣ ጎማ ሳስገለብጥ፣ እሱ ተሰብሮ ተኝቶ ነበር። ሦስት ጎማ የበላው፣ ልጁንም የበላው፣ ያ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ብረት ነው። አይደለም፤ እሱ እንኳ አይደለም።

ለልቅሶ እስቴ ሄድሁ። እናቱ ሰው ሁሉ ከተነሣ በኋላ ወደ ጎን ወሰዱኝና፣ «ወንድሜ፣ ጎማ ነው አሉኝ። እውነት ጎማ ነው?» አሉኝ። ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ፣ «አዎ እናቴ፣ ጎማ ነው» አልኋቸው። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ የደበቅሁት በሽታ የራሴ ብቻ ስላልሆነ ነው ዛሬ የምገልጠው።

እንግዲህ እኩዮቼ፣ ሰበባችንን አውቀዋለሁ፤ የእኔም ነበርና።

«በዱላ መትቼ በድምፁ አውቃለሁ» እንላለን። በዱላ የሚታወቀው ጎማው ጭራሽ መተንፈሱ ብቻ ነው። ከሚፈለገው ንፋስ ሩቡ የጎደለበት ጎማና ሙሉው በዱላ ሲመቱ አንድ ዓይነት ነው የሚጮኹት፤ በተለይ ጥንድ ሆነው የታሰሩት። ጎደሎው ደግሞ ከጓደኛው ጋር ጎን ለጎን እየተፋተገ ይነዳል። ጆሯችሁ እንደ ድሮው ቢሆን እንኳ እንደማይረዳችሁ ልንገራችሁ፤ ድሮውንም ካላማዳሪ ያለውን ጎማ ነበር የለመደው።

«ሲሞቅ አስተንፍስለት» እንላለን። ይህችን ምክር ከልጆቹ አፍ በሰማሁ ቁጥር ያመኛል። በነፋስ መውጫ ውርጭ ጠዋት የተሞላ ጎማ ሚሌ በረሃ ሲደርስ ከ10 ፓውንድ በላይ ቢጨምር ተፈጥሮው ነው። በሙቀት ያስተነፈሰው ልጅ ማታ ሲበርድ ጎደሎ ጎማ ይዞ ያድራል፤ ጠዋት በጎደሎው ይነሣል፤ ጎደሎው ደግሞ የበለጠ ይሞቃል፤ ሲሞቅ እንደገና ያስተነፍሰዋል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይኸ ነው። ከተማችን ነፋስ መውጫ ተብላለች ብሎ የጎማውን ንፋስ እዚያ ማውጣት ግዴታ አይደለም።

«ጥርሱ ገና ነው» እንላለን። የጎማ ዕድሜ በጥርሱ አይደለም። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ፣ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ታዲያ ይህ በፈረንጅ ነው! አንድ ወዳጄ 2015 የሚል ጎማ አይቶ «የአሥራ አምስት ዓ.ም. ነው፣ ገና ነው» ብሎ ሊገዛ ሲል ደረስሁበት። ሰባት ስምንት ዓመት አሳንሶለት ነበር። ሻጩም አላረመውም። አምራቾቹ ራሳቸው ከ10 ዓመት ያለፈውን ጥርሱ ቢኖርም አውልቁት ነው የሚሉት።

«ኤንትሬ ስንቱን ተሸክሞ ይሄድ ነበር» እንላለን። ይህችኛዋ የሽማግሌ ናፍቆት ስለሆነች ጠንከር ብዬ አልናገራትም። ነገር ግን ያ የድሮው የጭነት መኪና ኤንትሬ በምን ፍጥነት ነበር ጉናን የሚወጣው? ረዳቱ ወርዶ፣ ታኮ ይዞ፣ በእግሩ ከጎኑ እየሄደ! የዛሬው ሲኖትራክና ዩሮ ትራከር ያንኑ ጭነት ይዞ በእጥፍ ፍጥነት ይበርራል። የታመመ አክስል በዝግታ ጎማ ይበላል፤ በፍጥነት ሰው ይበላል።

የመጨረሻው ሰበብ የባለንብረትነት ነው፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ዛሬ ሹፌር ሳትሆኑ ባለንብረት ናችሁ። ልጁ «ጎማው በአንድ በኩል ይበላል» ብሎ ሲደውል የምትመልሱለትን አውቃለሁ። «ጎማ ገዝተህ ቀጥል፤ ማዳበሪያው ይራገፍ፤ ከዚያ እናየዋለን» ትሉታላችሁ። ጎማ መግዛት ለጋስ ያስመስላል። ለልጁ ጎማ ገዛሁለት ብላችሁ ተኝታችሁ ታድራላችሁ። እኔም ሦስት ገዝቼ ነበር።

ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ የምለው ጋራዥ ሂዱ ብቻ አይደለም። ደብረ ታቦርም ባሕር ዳርም ድረስ ሳትሄዱ በሲባጎ የሚታወቅ ነገር አለ። ተሳቢውን ደልዳላ ሜዳ ላይ ወደ ፊት ቀጥ አድርጋችሁ ጎትታችሁ አቁሙት፤ ወደ ኋላ ገፍታችሁ ያቆማችሁት አይለካም፣ አክስሉ ተወጥሮ ይዋሻል። ተሳቢው ከፊት ከሚዞርበት ክብ ብረት መሃል ሲባጎ አስራችሁ እስከ ኋላው አክስል ቀኝ ጫፍ ወጥሩ፤ የደረሰበትን ቋጥሩ። ያንኑ ሲባጎ ሳትፈቱ ወደ ግራው ጫፍ አዙሩት። ቋጠሮው እኩል ካልደረሰ፣ ልዩነቱም ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ አክስሉ ዞሯል። ከዚያ የአንዱን አክስል ጫፍ ከሌላው ጫፍ በቀኝም በግራም ለኩ። ከዚያ ባሌስትራው ሥር ተኙ፤ የመሃል ቡሎኑ ራስ በቦታው አለ? ማሰሪያዎቹ ዳር ላይ ቀይ የዝገት ዱቄት ይታያል? ዱቄቱ ካለ ብረቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። ጎማውን በክሪክ አንሡና ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ኩሽኔታው የላላ ከሆነ ይነግራችኋል። ቁልቁለት ወርዳችሁ ስትቆሙ ታምቡሮቹ ላይ ውሃ ጠብ አድርጉ። አንዱ ሲንጫጫ ሌላው ዝም ካለ ዝም ያለው ፍሬን አይዝም፤ የሚንጫጫው የእሱንም ዕዳ እየከፈለ ነው።

እነዚህን ሁሉ ታውቃላችሁ። የምትነግሩኝም አላችሁ። ያ ከትናንት በስቲያ ከጎኔ የነበረው ሽማግሌም ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ኤንትሬ ሲነዳ እኔ ገና በረባሶ ማሰሪያ ስሰፋ ነበር።

የሚያሳፍረኝ ግን እሱ አይደለም። ልጁ ጎማውን አስገልብጦ ሲነሣ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ነበር። ቀኙ በውስጥ መበላቱን አይቻለሁ። ማዶውን ለማየት ተሳቢውን መዞር፣ አሥር እርምጃ፣ አልሄድሁም። ጉልበቴ አሞኝ ነው ልል እችላለሁ። እውነቱ ግን በሽማግሌ ምክር ላይ ሌላ ሽማግሌ ሆኜ መናገር ነውር መስሎኝ ነው። ስነቃ መኪናው ኩርባውን ዞሯል። ታርጋውን አልያዝሁም።

ነጭ ጋቢና ነው፤ ተሳቢው ላይ ሰማያዊ ሸራ ለብሷል፤ ጭነቱ ማዳበሪያ ነው። ጎሚስታው እንደነገረኝ ወደ ወገዳ ነው የሄደው፤ አራግፎ በዚሁ ሳምንት ይመለሳል። የተሳቢው የኋላ ቀኝ ጎማ የተገለበጠ ነው፤ የተላጨው ጠርዝ በውጭ ይታያል። ስማዳም ሆናችሁ ታች ጋይንት ያያችሁት አስቁሙት። ባሌስትራው ሥር ሳይታይ አይነሣ። የጥበቃውን፣ የማደሪያውን፣ የቡሎኑንም ዋጋ እኔ እከፍላለሁ።